የውስጥ ምርምር በጀት፦ ከፕሮፖዛል እስከ ማወራረድ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆኖ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው፣ ዩኒቨርሲቲው ከራሱ በጀት ለመምህራን የሚመድበውን የምርምር ገንዘብ እንዴት ይጠይቃል? ካገኘ በኋላስ ሥራውን ጨርሶ ሒሳቡን እንዴት ያወራርዳል? የገንዘቡ ጣሪያ፣ የማመልከቻው ቅጽና የክፍያው ዙር ከተቋም ተቋም፣ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ከጥሪው ደብዳቤ ላይ ያንብቡት። እኛ የምንመልሰው የትም ቢሆን የማይለወጠውን ነው።

«የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህር ነኝ። በስኳር ክትትል ክሊኒካችን 423 ታካሚ በሁለት ሳምንት እሰበስባለሁ ብዬ ፕሮፖዛል አስገባሁ። ‹የጊዜ ሰሌዳውና በጀቱ አይጣጣምም› ተብሎ ተመለሰልኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» — ሆጤ፣ ደሴ

423ን የማያውቅ የጤና ተማሪ የለም። ስርጭቱ (ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) 50 በመቶ፣ የስህተት ልኩ 5 በመቶ፣ የመተማመን ደረጃው 95 በመቶ ሲባል የናሙና መጠን ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ ፈቃደኛ ለማይሆኑት 10 በመቶ ሲታከልበት 423 ይሆናል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ግን የእርስዎን ክሊኒክ አላየም።

በመዝገቡ ላይ በክትትል ያሉት ታካሚዎች ስንት ናቸው? 1,200 ናቸው እንበል። ጠቅላላ ቁጥሩ ከ10,000 በታች ከሆነ ማስተካከያ ይደረጋል። 384 ለ1,200 ሲካፈል 0.32 ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 1.32። 384ን ለዚህ ሲያካፍሉት 291 ያገኛሉ፤ ከ10 በመቶው ጋር 321። በዚህ ስሌት ብቻ 102 ሰው ቀነሰልዎት።

50 በመቶ የሚወሰደው ከዚህ በፊት የተሠራ ጥናት ከሌለ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ሲሆን ደግሞ የስህተት ልኩን ማጥበብ ያስፈልጋል። ስርጭቱ 5 በመቶ ገደማ የሚሆን ችግርን በ5 በመቶ የስህተት ልክ ቢያሰሉት 73 ሰው ይበቃል ይልዎታል። ውጤቱ ግን «ከዜሮ እስከ 10 በመቶ ባለው መካከል ነው» ከማለት አያልፍም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ልኩን ወደ 2 በመቶ ቢያወርዱት 457 ይደርሳል። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። ቃለ መጠይቁ፣ ክብደትና ግፊት መለካቱ፣ ከካርድ መገልበጡ አንድ ላይ 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢሠራ፣ ምሳ ተቀንሶ አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን 8 ሰው ይጨርሳል። ሁለት ሰብሳቢዎች 16 ሰው ማለት ነው። የስኳር ክትትሉ በሳምንት 2 ቀን ከሆነ በሳምንት 32 ሰው፤ ለ321 ሰው 11 ሳምንት ያስፈልጋል። የሰብሳቢዎቹ 44 የሰው ቀን፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣው ሱፐርቫይዘር 11፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ለሦስት ሰው 6፣ የሙከራ ቀን 2፤ በድምሩ 63 የሰው ቀን። ለሙከራው ከናሙናው 5 በመቶ፣ ማለትም 16 ሰው ይበቃል። ግን ጥናቱ የሚሠራበት ክሊኒክ ላይ አይሁን፤ ጥናቱ ደሴ ከሆነ ሙከራውን ኮምቦልቻ ወይም ቦሩ ሜዳ ያድርጉት።

የሁለት ሳምንቱ ዕቅድ ከገንዘቡም በላይ የሚያበላሸው ሌላ ነገር አለ። በየወሩ የሚቀጠረው ስኳሩ ያልተስተካከለለት ታካሚ ነው፤ የተረጋጋው በየሦስት ወሩ ይቀጠራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያገኙት በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ ክሊኒክዎ ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይታያል። 11 ሳምንት ሲሆን በአብዛኛው ሁለቱም ይደርሳሉ። ያኔ በየወሩ የሚመጣው ሁለት ጊዜ እንዳይጠየቅ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ ከማይታወቅ ኮድ በቀር ምንም አይናገር።

የመጨረሻው፣ «ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ርዕስ ሃያ ተለዋዋጭ (እንደ ዕድሜና ክብደት ያለ ከችግሩ ጋር የሚነጻጸር ነገር) አይደርድሩ። በ321 ሰው ውስጥ ችግሩ ያለባቸው 15 በመቶ ቢሆኑ 48 ሰዎች ናቸው። ለአንድ ተለዋዋጭ ችግሩ ያለበት ቢያንስ 10 ሰው ይኑር በሚለው ልማድ፣ 48 ሰው ከአራት ወይም ከአምስት በላይ አይሸከምም።

«ገንዘቡ በጥር ተፈቀደልኝ፤ እጄ የገባው ግን በመጋቢት ነው። በሰኔ ያልተወራረደው ተመላሽ ይደረጋል ተባልኩ። ይህን እንዴት ማስቀረት ይቻል ነበር?» — ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የግዥ ክፍል ደግሞ መጠየቂያ መቀበል የሚያቆመው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ሲጻፍ የሥራውን ጊዜ 12 ወር ብሎ መቁጠር ያሳስታል፤ በእጅ የሚቀረው አራት ወር ነው ብሎ መነሳት ይሻላል።

ገንዘቡን መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። ፕሮፖዛሉ በገምጋሚዎች ታርሞ በተመለሰበት ሳምንት ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይግባ። መጠይቁ ይተርጎም፤ በስልክና በታብሌት መረጃ በሚሰበሰብበት ኮቦ ቱልቦክስ ላይም ይጫን፤ ኮቦ በመጠን የተወሰነ ነጻ አገልግሎት አለው። የትብብር ደብዳቤው መንገድም ረጅም ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ሆስፒታሉ አስተዳደር፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ክፍሉ፣ በመጨረሻም ካርድ ክፍል። ጥናቱ ወረዳ ጤና ጣቢያዎችን የሚያካትት ከሆነ በደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ በኩል ያልፋል። እያንዳንዱ ፊርማ አንድ ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ደብዳቤው ገንዘቡ ሳይመጣ ይጀመር።

የሚገዛ ዕቃ ካለ ዝርዝሩ ሙሉ መግለጫ ይኑረው። «ታብሌት፣ 3» ተብሎ የተጻፈ መጠየቂያ ይመለሳል። የማስታወሻ መጠኑ፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ባትሪው፣ ዋስትናው ይጻፍ። ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው በዚያ መግለጫ ነው።

ስለ ጾምም እናንሳ። ገንዘብ በየካቲት ወይም በመጋቢት ሲመጣ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን እየቀደመ ይመጣል። ወሎ ላይ ክሊኒክ ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱን የሚጾሙ ናቸው። የስኳር መጠን፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የቀጠሮ አከባበር፣ ክብደት ሁሉ በዚህ ጊዜ ይለዋወጣል። ጥናቱ ስለ ጾም ካልሆነ ቀኑን ያሽሹት፤ ካልተቻለም «ዛሬ ጾመኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ መጠይቁ ላይ ይግባ። ይህች አንድ መስመር ኋላ ላይ ትንተናውን ታድናለች።

«የአምስት ዓመት የወሊድ ካርድ ላይ የኋላ ጥናት ላደርግ ነው። ገንዘብ ብዙም አይፈልግም ብዬ አስቤአለሁ። ልክ ነኝ?» — የማህፀንና ጽንስ ሐኪም፣ ደሴ

ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ አደጋው ግን ትልቅ ነው። ፕሮፖዛሉን ከመጻፍዎ በፊት ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ ላይ 30 የካርድ ቁጥር ያለ ምርጫ ያውጡና ካርድ ክፍል ያስፈልጉ። ስንቱ ተገኘ? 20 ብቻ ከሆነ ከናሙናዎ ሲሶው የለም ማለት ነው። የሚጠፉት ካርዶች ደግሞ እንዲሁ በዕድል አይጠፉም። የሞተች እናት ካርድ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላከች እናት ካርድ፣ ለክስ ወይም ለምርመራ የተወሰደ ካርድ ነው ብዙውን ጊዜ የሚታጣው። የተገኘውን ብቻ ቆጥሮ «የሞት መጠኑ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ስለዚህ የጥናቱን የመጀመሪያ ዓመት ሲመርጡ ከዚያ በፊት ያለው መዝገብ በእርግጥ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

አንድ ሌላ ወጥመድ የቀን አቆጣጠር ነው። ካርዱ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የኮቦ የቀን ሳጥን ግን ካልተስተካከለ በቀር የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ሰብሳቢው ጳጉሜን 3 ቀንን ሊያስገባ ሲል ሳጥኑ 13ኛ ወር ስለሌለው እምቢ ይላል፤ ይህ ቢያንስ ይታወቃል። የከፋው የካቲት 30 ቀን 2015ን 30/6/2015 ብሎ ሲያስገባ ነው፤ ሳጥኑ «ጁን 30» አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። ከዚያ የመተኛት ቀናት ሲሰላ ከዜሮ በታች የሆነ ወይም የዓመታት ቆይታ ይወጣል። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የቁጥር ሳጥን ለያይቶ ካርዱ ላይ እንዳለው መመዝገብና ወደ ሌላ አቆጣጠር የሚለወጠውን በትንተና ጊዜ በአንድ እጅ መለወጥ ነው።

«የላቦራቶሪ መምህር ነኝ። 180 የደም ናሙና በኤላይዛ ልመረምር 2 ኪት በቂ ነው ብዬ በጀት አስያዝኩ። አንድ ባልደረባዬ ‹አይበቃህም› አለኝ።» — አራዳ፣ ደሴ

ባልደረባዎ ልክ ነው። ኤላይዛ የሚሠራበት፣ በአንድ ኪት አንድ የሚመጣው ሳህን 96 ጉድጓድ ስላለው 180 ለ96 ሲካፈል ሁለት ይመስላል። ነገር ግን የመለኪያ ደረጃዎቹ (መጠናቸው የታወቀ ማነጻጸሪያዎች) ሰባት ቢሆኑና በጥንድ ቢሞሉ 14 ጉድጓድ ይወስዳሉ፤ ባዶው 2፣ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች በጥንድ 4፤ ይህ 20 ነው። የቀረው 76 ነው፤ ናሙናዎቹም በጥንድ ከተሠሩ አንድ ሳህን የሚይዘው 38 ሰው ብቻ ነው። 180 ሰው 5 ሳህን ይፈልጋል። ለሚደገም ሥራ አንድ ይጨምሩና 6 ብለው ይጠይቁ። «ሳህኑን ቆርጬ በትንሽ በትንሹ እሠራለሁ» የሚል ሐሳብ ቁጠባ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ዙር የራሱ መለኪያ ስለሚያስፈልገው 20 ጉድጓድ በተጀመረ ቁጥር ይበላል። ናሙናው ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሠራ።

ያ ደግሞ ማከማቸት ይጠይቃል። ከ5 ሚሊ ሊትር ደም 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ሴረም ይገኛል፤ በ0.5 ሚሊ ሊትር በሦስት ቱቦ ይከፋፈል። በአንድ ቱቦ የተቀመጠ ናሙና ለእያንዳንዱ ምርመራ በቀለጠና በቀዘቀዘ ቁጥር ይጎዳል። በራሱ በረዶ የሚያራግፍ የቤት ፍሪዘር ለዚህ አይሆንም፤ በረዶውን ለማራገፍ በየጊዜው ራሱን ያሞቃል፤ እርስዎም አያዩትም። መብራት ሲጠፋ ምን ያህል እንደሞቀ ለማወቅ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ። ዋጋው ከአንድ ኪት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በጀት ላይ ሲጻፍ ግን አናየውም። የናሙናው መለያ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ ውርጭ ያጠፋዋል። ለቅዝቃዜ የተሠራ ተለጣፊ ያስፈልጋል።

የወራቱን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ሒሞግሎቢን ኤዋንሲ ብቻ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው የኢዲቲኤ ቱቦ የተቀዳ ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳምንት ያህል ይቆያል። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ለሚላክ ናሙና ጊዜ አለዎት ማለት ነው፤ ሳይቀዘቅዝ በመኪና ኮፈን ላይ ከተጓዘ ግን የለዎትም። ናሙና ከአገር የሚወጣ ከሆነ የናሙና ዝውውር ስምምነትና የብሔራዊ ደረጃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህ በአንድ በጀት ዓመት የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ በውስጥ በጀት ባይጀምሩት እንመክራለን።

«ኮምቦልቻ ላይ የነርስ ተማሪዎችን የተግባር ልምምድ እከታተላለሁ። በጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ሳንባ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ለውስጥ በጀት የሚሆን ጥያቄ ነው?» — ኮምቦልቻ

በጣም የሚሆን ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ከከተማዋ አንዱ መታወቂያ ሆኗል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው በሽታ፣ ቢሲኖሲስ፣ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ደረት የሚጨንቀው ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ነው። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይቀላል። ብዙ ፕሮፖዛል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «በሥራ ቀናት እንለካለን» ይልና ሐሙስ ይሄዳል፤ ምንም አያገኝም። የሰው ሳንባ ሰኞ ከፈረቃ በፊትና ከፈረቃ በኋላ ይለካል፤ በአንድ ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከመጀመሪያው 5 በመቶ ወይም 200 ሚሊ ሊትር ከቀነሰ ትኩረት ይሻል። በፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ ላይ የየፈረቃው የእረፍት ቀን ስለሚለያይ የእያንዳንዱን ሠራተኛ «ሰኞ» ከሰዓት መቆጣጠሪያው ይለዩ።

ብናኙ የሚበዛው ጥጡ በሚፈታበትና በሚበጠርበት መጀመሪያ ክፍል ነው፤ ሽመናና ልብስ ስፌት ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ናሙናው በክፍል ተከፋፍሎ ይወሰድ። ልብስ ሰፊዎችን ብቻ ለክተው «ችግር የለም» እንዳይሉ።

ቁጥሩን እንሥራው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚለካው። አንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ተቀባይነት ያለው ትንፋሽ እስኪሰጥ፣ ሙከራው ከ8 እንዳይበልጥ ተደርጎ፣ 15 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ስፓይሮሜትር (የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ) ከፈረቃ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት 8 ሰው፣ ሁለት መሣሪያ 16 ሰው። 160 ሠራተኛ 10 ሰኞ ይፈልጋል። ማጣሪያ ያለው የአፍ መያዣ ለእያንዳንዱ ልኬት አንድ፣ ማለትም 320፣ ከመጠባበቂያው ጋር 350። መሣሪያው በየማለዳው በ3 ሊትር ሲሪንጅ ይፈተሻል፤ ንባቡ ከ3 በመቶ በላይ ከተዛነፈ ያን ቀን አይለካም። ሲሪንጁን በውሰት ማግኘት ካልቻሉ በጀቱ ላይ ያስገቡት፤ ያለ እሱ የተለካውን መጽሔት አይቀበለውም።

የፋብሪካው አስተዳደር የፈቃድ ደብዳቤ ግድ ነው፤ ነገር ግን የአንድም ሠራተኛ ውጤት በስም ለአስተዳደር አይሰጥ። ሠራተኛው ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ከፈራ ሕመሙን ይደብቃል፤ መፍራቱም ተገቢ ነው። ይህን በስምምነት ቅጹም፣ ከፋብሪካው ጋር በሚፈረመው ደብዳቤም ላይ በግልጽ ይጻፉ። የታመመ ሲገኝ የት እንደሚላክ፣ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል ከመለካቱ በፊት መወሰን አለበት። ያልተወሰነ ከሆነ አይለኩ።

«የስምምነት ቅጻችን በአማርኛ ብቻ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው መልሶብናል።» — ደሴ

ደሴ የሚታከመው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከከሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ ከቆላው አፋሩ ይመጣል። ለሦስት ቀን ክሊኒክ ላይ ቁጭ ብለው የታካሚውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይቁጠሩ፤ ቅጹ በሚያስፈልገው ቋንቋ ይተርጎም፤ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበቡ። «ስርጭት»፣ «ናሙና»፣ «ተለዋዋጭ» የሚሉ ቃላት ቅጹ ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም። ማንበብ ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይፈርም። አንዱ ቅጂ ለተሳታፊው ይሰጣል፤ ለ321 ሰው 642 ቅጂ ነው፤ ፊትና ጀርባ ከታተመ ሁለት ደስጣ ወረቀት ይበቃል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚያስተውል ልጅ ከሆነ ራሱም ይጠየቃል።

የጤና መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። የካርድ ቁጥርና ስም ያለበት ሰነድ ከመጠይቁ ተለይቶ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ። በቴሌግራም የካርድ ፎቶ መላላክ ይቁም።

«ተማሪዎቼ ላይ የማስተማሪያ ዘዴ ልሞክር እፈልጋለሁ። ይህ እንደ ምርምር ይቆጠራል?» — ደሴ

ይቆጠራል፤ የአገልግሎት ማሻሻያ ሥራም እንዲሁ። ጥንቃቄው፣ ውጤት የሚሰጠው መምህር ከተማሪው ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው መሆን የለበትም፤ ኢንተርኑ (ተለማማጅ ሐኪሙ) እምቢ ለማለት አይደፍርም። ሌላ ክፍል ያለ ሰው ይጠይቅ፤ ማን እንደተሳተፈ መምህሩ የሚያውቀው ውጤት ከገባ በኋላ ይሁን። ሊያሳትሙት ካሰቡ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከመጀመርዎ በፊት ይውሰዱ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

«ሥራው አልቋል፤ ሒሳብ ክፍል ግን ግማሹን ደረሰኝ አልቀበልም አለ።» — ሮቢት፣ ደሴ

ደረሰኙ በዩኒቨርሲቲው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካልተቆረጠ አይወራረድም። በእርስዎ ስም የተቆረጠውን ሻጩ በዚያው ወር እንዲሰርዝና እንደገና እንዲቆርጥ ያድርጉ፤ ወሩ ካለፈ ይከብዳል። ግምቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መታሰቡን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በጀት የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ውሎ አበል የጉዞ ትዕዛዝና የተሄደበት ቦታ ማህተም ይፈልጋል፤ ማህተሙን ቦታው ላይ እያሉ ያስመቱ። የሰብሳቢዎች ክፍያ ሰነድ ሙሉ ስም፣ የሠሩበት ቀናት በቁጥር ሳይሆን በቀን፣ ስልክና ፊርማ ይኑረው።

የተገዛ ዕቃ ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ይሰጥዎታል። ታብሌቱን በቀጥታ ከሱቅ ወደ ሜዳ የወሰደ ሰው ሞዴል 19 ስለሌለው ሒሳቡ አይዘጋም።

አንድ ሰዎች የማያነሱት ግጭት አለ። ለተሳታፊው የትራንስፖርት የሚከፈል ከሆነ ሒሳብ ክፍል የተቀባዩን ስም ይጠይቃል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ደግሞ ስም እንዳይገለጥ ያዛል። የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ጥናት ከሆነ ስም ዝርዝሩን ሒሳብ ክፍል ማስገባት ምስጢር ማውጣት ነው። ውሉ ሳይፈረም ለሒሳብ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ክፍያው በኮድ ቁጥር፣ በከፋዩና በአንድ ምስክር ፊርማ እንዲወራረድ ይስማሙ። ከሥራው በኋላ ይህን ስምምነት ማግኘት በጣም አስቸጋሪ ነው።

«ኃላፊዬ ምንም ሳይሠሩ ስማቸው እንዲገባ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?» — ደሴ

ዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፤ በሐሳቡ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው በሙሉ ኃላፊነት መውሰድ። አራቱም ያስፈልጋሉ። በአክብሮት «ረቂቁን ይዩልኝና የትንተናውን ክፍል ያርሙልኝ» ይበሏቸው፤ ከሠሩ ስማቸው በሐቅ ይገባል፣ ካልሠሩ በምስጋናው ላይ ይጠቀሳሉ። የስም ቅደም ተከተል ገንዘቡ ሳይወጣ በወረቀት ላይ ይፈረም።

«ለማሳተሚያ የተያዘ ገንዘብ የለንም። ጥሩ መጽሔት ሁሉ ዶላር ይጠይቃል።» — ኮምቦልቻ

ሁሉም አይጠይቅም። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔትን ጨምሮ የአገር ውስጥ መጽሔቶችን ይዩ። ብዙ የውጭ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ፤ ግን ጥያቄው ጽሑፉ ሲገባ እንጂ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይቀርብም። የአገሮቹ ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ በሚያስገቡበት ቀን ይመልከቱ። በሦስት ቀን እናወጣዋለን የሚል ኢሜይል ከመጣ አይመልሱለት።

መድኃኒት ወይም ሕክምናን በንጽጽር የሚሞክር ጥናት ከሆነ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ነጻ ነው። ይህ ያልተደረገለትን ሥራ ዋና ዋናዎቹ መጽሔቶች አይቀበሉትም። የመድኃኒት ሙከራ ሲሆን ከዚህ በተጨማሪ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።